ኩሬውን በጣታቸው ያበጠሩት እትዬ ቦቲ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ቦቲ» እያለ የሚጠራቸው እናታችን፣ እህታችንና አክስታችን፣ ከጡብ ሠሪ አባታቸውና የሠራተኞችን ልብስ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ በተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንደኛው ክፍል ተወለዱ። የተወለዱበትን ዓመት ሲጠየቁ ትልቁ እቶን የተሠራ ጊዜ ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ለመደበቅ ነው የሚል ሐሜት ነበር። እሳቸውም ሐሜቱን ሰምተው አልተከላከሉም።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የእህታቸው ልጅ ናት። በእንዲህ ያለ ቀን መልካም መልካሙን ለቅሞ መጻፍ የተለመደ ነው፤ እሷም እንደዚያው አስባ ነበር የተነሣችው። ታላቅ እህታቸው ግን አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡና ምንም ሳይቀር እንዲጻፍ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበትም እንዲነበብ አዘዙ። እሳቸው ያዘዙትን እምቢ ብሎ በሰላም የዋለ ሰው በቤተሰባችን ውስጥ የለም።

እናታቸው ያረፉት እትዬ ቦቲ ገና የወተት ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠጉራቸውን ያበጠሩላቸው፣ ደብተራቸውን በጋዜጣ የለበጡላቸው፣ ሲያጠፉ ቆንጥጠው ሲያለቅሱ ያባበሏቸው ታላቅ እህታቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ እሳቸውም ራሳቸው የሚያባብላቸው የሚያስፈልጋቸው ልጅ ነበሩ። እትዬ ቦቲ «እታለም» እያሉ ከእህታቸው ቀሚስ ጫፍ ሳይላቀቁ አደጉ። ትምህርታቸውን በፋብሪካው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በዝምታ ግን እጅግ ሰነፍ እንደነበሩ መምህሮቻቸው ይመሰክሩ ነበር። ከዚያም በፋብሪካው እርጥብ ጡብ ደርዳሪ ሆነው ተቀጠሩ። ታላቅ እህታቸው ደግሞ ልብስ ስፌት ተምረው በእግር የሚመታ የስፌት መኪና ከመስኮታቸው ሥር አቆሙ። አባታቸው ሲያርፉ እህትማማቾቹ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ይኖሩ ጀመር። አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ምን ተገኘ ብላ ትጠይቅ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ኩሬው መናገር ግድ ይላል። ፋብሪካው ለጡብ የሚሆነውን ሸክላ አፈር ከቤቶቹ በስተኋላ ሲቆፍር ኖረ፤ አፈሩ ሲያልቅም ጉድጓዱን እንዳለ ትቶት ሌላ ቦታ ሄደ። ከሥር ውሃ መነጨ፣ ከላይ ዝናብ ሞላው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አረም ወረሰው። ላዩን ሲያዩት አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሜዳ ይመስላል። ከሥሩ ግን የአረሙ ግንድ እንደ ገመድ ረዝሞ እርስ በርሱ ተጠላልፏል። ሴቶች ዳር ዳሩን ከፍተው ብርድ ልብስ ያጥቡበት ነበር።

ታላቅ እህታቸው አግብተው የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ወንድ፣ ወለዱ። ልጁ ቁጭ ማለት የማይሆንለት፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ግቢውን የሚያዳርስ ነበርና «ቁንጫ» ተባለ። ከእናቱ ጋር ሲኳረፍ ሮጦ የሚገባው እትዬ ቦቲ ጉያ ነው። ደስ ሲለው የሚደበቀው ደግሞ ከእናቱ የስፌት መኪና ሥር ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ድምፅ ያስቀው ነበር።

ቁንጫው ስድስት ዓመት በሞላው በጋ፣ እናቱ የሰፉትን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለማስረከብ ሲወጡ እንደ ወትሯቸው ልጁን ለእህታቸው ሰጥተው ሄዱ። እትዬ ቦቲ ኩሬው ዳር ብርድ ልብስ እያጠቡ ነበር። ልጁ ከቤት በኩል በአንድ እግሩ እየዘለለ መጥቶ ከኋላቸው ይጫወት ጀመር። ብርድ ልብሱን ለመጭመቅ ጀርባቸውን ሰጡት። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ በቀላሉ አይጨመቅም። ዞር ሲሉ አረንጓዴው ምንጣፍ አንድ ቦታ ላይ ተቀድዷል። ዘለው ገቡ፤ አረሙ እሳቸውንም ያዛቸው። ሠራተኞች ደርሰው መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ ሕፃኑን አወጡ። የሕፃኑ ቀኝ እግር የላስቲክ ጫማውን እንዳደረገ ነበር። ግራው ባዶ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ታላቅ እህታቸው ለእትዬ ቦቲ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄን አንድ እግሩን ባዶ አስቀበርሽው» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣቸውም። እህትማማቾቹ በአንድ ግድግዳ ተከልለው፣ አንዷ ስትስል ሌላዋ እየሰማች፣ ዕድሜያቸውን ከሞላ ጎደል በኩርፊያ ጨረሱት። ይህን የምትጽፈው ልጅ ያን ጊዜ በእናቷ ማህፀን ውስጥ ነበረች። ስትወለድ እትዬ ቦቲ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ደጃፍ ድረስ መጥተው፣ በሩ አልከፈት ሲላቸው ለበሩ ተናግረው ተመለሱ።

በሚቀጥለው በጋ፣ የኩሬው ውሃ ሲጎድል፣ እትዬ ቦቲ የአባታቸውን ቦቲ ጫማ ከተሰቀለበት አወረዱ። ለእግራቸው በጣም ይሰፋ ነበርና ጫፉን በጨርቅ ወትፈው ተጫሙት። መንሽ ይዘውም ኩሬው ውስጥ ገቡ። የፋብሪካው ዘበኛ ሴትየዋ አእምሯቸውን ሳቱ ብሎ የእቶን እሳት ጠባቂውን ጠራቸው፤ የእሳት ጠባቂው ለእትዬ ቦቲ ታጭተው ሐዘኑ እስኪያልፍ ሰርጉን ይጠብቁ ነበር። ሰውየው መጡ፣ ቆመው አዩ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ለሁለት የሚያዘውን ባሬላ በአንድ ወገን እሳቸው በሌላው እትዬ ቦቲ ይዘው፣ የተነቀለውን አረም ማመላለስ ጀመሩ። እትዬ ቦቲ ትዳራቸው የተጀመረው በሰርጉ ሳይሆን በዚያ ባሬላ ነው ይሉ ነበር። ከባለቤታቸውም አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ያንን ልጅ መራመድ በቅጡ ሳይችል ዋና ያስተማሩት ሲሆን ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ሰው ሁሉ አረሙን እየተበቀሉት መሰለው። እሳቸውም አይደለም አላሉም። እውነቱን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። እትዬ ቦቲ የሚፈልጉት አንዲት ግራ ጫማ ነው።

የተነቀለው አረምና የወጣው ዝቃጭ አንድ ቦታ መቀመጥ ነበረበትና ከቤቱ ጎን ተከመረ። የመጀመሪያው ክምር ለሰፈሩ ታላቅ መከራ ነበር። ዝቃጩ በዝቶበት ታፍኖ ገማ፤ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ የታጠበ ልብስ አስገብቶ፣ እትዬ ቦቲን ረገመ። ባለቤታቸው ከአናጺዎች ሰጋቱራ ለምነው አመጡ። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባቸው፤ አንድ ድርብ እርጥብ አረም፣ አንድ ድርብ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ ዝቃጩ ከደረቀ በኋላ ሳሳ ተደርጎ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ። ክምሩ ሲግል ጠዋት ጠዋት ይጨስ ነበር። ዓመት ሲሞላው ሽታው ጠፍቶ ጥቁር አፈር ሆነ። እሱን መደብ ላይ በትነው ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ዘሩ። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም የኖሩት በዚሁ ነው።

የእትዬ ቦቲ አሠራር ከሌላው ይለያል። የነቀሉትን አረም በቀጥታ ወደ ክምሩ አይወስዱትም። ኩሬው ዳር ዘርግተው ያሳድሩታል። እንቁራሪቱ፣ ቀንድ አውጣው፣ በአረሙ ተሸፍኖ የወጣ ነፍስ ያለው ሁሉ ተመልሶ ውሃው ውስጥ እንዲገባ ነው። በእኔ ምክንያት ማንም ከቤቱ አይቀርም ይሉ ነበር። ዝቃጩን ደግሞ እፍኝ በእፍኝ እያነሡ በጣቶቻቸው መሀል ያሳልፉታል። ጓንት ቢመጣላቸው፣ ጓንት ቅጠልን ከላስቲክ አይለይም ብለው ለዘበኛው ሰጡት። ስባሪ ጠርሙስ ሲቆርጣቸው በጨርቅ አስረው ይቀጥላሉ። አንዳንዴ የአረሙ ግንድ ውሃው ውስጥ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተጠምጥሞ ይይዛቸዋል። ያኔ አይበጥሱትም። ቀጥ ብለው ይቆሙና «ልቀቀኝ ቁንጫዬ፣ እየፈለግሁልህ ነው» ይሉታል። የሰሙት ሰዎች እንደሚሉት አረሙ ይለቃቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በዚያ በኩል ብቻውን የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

ድንጋይ የሌለበት፣ ስባሪ የሌለበት፣ እንደ ዱቄት የላመ አፈራቸው ስሙ ሩቅ ሄደ። አበባ ሻጮች በጆንያ ይወስዱት ነበር። በምን ወንፊት ቢነፉት ነው ብለው ሲጠይቋቸው እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። ሰዎቹ ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ፤ እትዬ ቦቲም አብረው ይስቃሉ። ሌሊት ግን ጣቶቻቸው አንሶላው ላይ ሲርመሰመሱ ያድሩ እንደነበር ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ለእህታቸው ልጅ ነግረዋታል።

ታላቅ እህታቸው የስፌት መኪናቸውን ከዚያ መስኮት እንዲያነሱ ብዙ ሰው መክሯቸዋል። መስኮቱ ፊት ለፊት ኩሬውን ያያልና። በጄ አላሉም። ስንት ልብስ እንደሰፉ ሰፈሩ ይቁጠረው፤ ያን ሁሉ ልብስ የሰፉት ግን ቀና ባሉ ቁጥር ውሃ ውስጥ ያጎነበሱትን እህታቸውን እያዩ ነው። እትዬ ቦቲ ከየመደቡ መጀመሪያ የደረሰውን ነቅለው፣ አጥበው፣ በእህታቸው ደጃፍ ያስቀምጡ ነበር። ታላቅ እህታቸው ተራምደውት ይገባሉ፣ ተራምደውት ይወጣሉ፤ ሲጠወልግ ለአንዲት ዶሯቸው ይጥሉታል። ዶሮዋ ወፈረች። እንቁላሏን ታላቅ እህታቸው ይበሉ ነበርና ይህ ከእርቅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ጉዳይ ጎረቤት ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል። ታላቅ እህታቸው ለእትዬ ቦቲ መንገር የሚፈልጉት ነገር ሲኖርም ጮክ ብለው ለዶሮዋ ይነግሯት ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በዚህ ብርድ ውሃ ውስጥ የሚቆም ሰው ደረቱን እንደሚታመም የሰማችው መጀመሪያ ዶሮዋ ናት።

ይህን የምትጽፈው የታላቅ እህታቸው ልጅ በሁለቱ ደጃፎች መሀል ስትመላለስ አደገች። እናቷ የት በላሽ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም። እጇ ጭቃ ሆኖ ስትመለስ ግን ራሳቸው ያጥቡላት ነበር። ከማጠባቸው በፊት ትንሿን እጅ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ረዘም ላለ ጊዜ ያሸቷታል። ልጅቷ ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ታላቅ እህታቸው ልብስ ሊለኩ በሄዱበት ቤት ምሳ ቀረበላቸውና ካሮት በሉ። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ ከእትዬ ቦቲ ጓሮ ነው ተባሉ። ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው፣ ሳይሰፉ ብዙ ቆይተው፣ ለልጃቸው «ልጄን የበላው ውሃ ያበቀለው ነው። ጣፈጠኝ» አሏት። ያን ሳምንት መርፌ አልነኩም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የመኪናው እግር ተሰበረና ጠጋኝ ተጠራ። ጠጋኙ መኪናውን ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ሲያላቅቅ፣ አቧራና ቁርጥራጭ ጨርቅ ከተከማቸበት ጥግ አንዲት ትንሽ የላስቲክ ጫማ ወጣች። የግራ ነበረች። ቁንጫው ያን ቀን አንድ ጫማውን መደበቂያው ውስጥ ትቶ፣ በቀኝ እግሩ ብቻ እየዘለለ ነበር የወጣው። ታላቅ እህታቸው ጫማዋን ይዘው ቀና ሲሉ እህታቸው በመስኮቱ ወዲያ ዝቃጩን በጣታቸው ያሳልፋሉ። ነጠላቸውን ደርበው እስከ ገዛ ደጃፋቸው ሄዱ። እዚያ ቆመው ቆመው ተመለሱ።

ለምን እንዳልነገሯቸው እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው ናቸውና ይኸው። መጀመሪያ የመለሳቸው ቁጣ ነው፤ ትልፋ ብለው ነው። በኋላ ቁጣው ሲበርድ እፍረት ያዛቸው፤ ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ በምን አፌ አሉ። ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር። እህታቸው ጫማው መገኘቱን ካወቁ ኩሬው ውስጥ መግባት ያቆማሉ፤ ያኔ እዚያ ውሃ ዳር ልጃቸውን በስሙ የሚያነጋግረው ሰው አይኖርም። እሳቸው ስሙን ለመጥራት ድፍረቱ አልነበራቸውም። ከመስኮቱ ሆነው የእህታቸው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያዩ ነበር፤ በዚያም ይጽናኑ ነበር።

እትዬ ቦቲ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ሥራቸውን አላቋረጡም። ደረታቸው ታሞ ሐኪም ቀዝቃዛ ውሃ ቢከለክላቸው፣ ሐኪሙ ክረምት ነው እንጂ በጋ አላለኝም ብለው ገቡ። ባለፈው ዓመት ግን እግራቸው ከዳቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ቦቲው ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ኩሬውም ጊዜ አላጠፋም። አረሙ ከሥር ተነሥቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ተገጣጥሞ፣ አረንጓዴው ምንጣፍ ልጁ በሄደበት ዕለት እንደነበረው ሆኖ ተነጠፈ። ታላቅ እህታቸው ይህን በመስኮታቸው አዩ። ከግድግዳው ወዲያም የእህታቸው ሳል እየደከመ ሲሄድ ሰሙ። አንድ ከሰዓት በኋላ መቀሳቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

ወደ እህታቸው ክፍል ሲገቡ እትዬ ቦቲ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣቶቻቸው የብርድ ልብሱን ጫፍ እያነሡ፣ እያሹ፣ እየለቀቁ ነበር። ታላቅ እህታቸው ያን አዩ። አልጋው ጫፍ ተቀመጡና ጫማዋን በእነዚያ ጣቶች መሀል አኖሩ። እትዬ ቦቲ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ዳበሷት፤ ሶሏን፣ ማሰሪያዋን፣ የጣቷን ጫፍ።

«ግራው ነው» አሉ።

«ቤት ነው የነበረው» አሉ ታላቅ እህታቸው። «ከመኪናው ኋላ። ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ አልነገርኩሽም።»

ክፍሉ ውስጥ የነበርን አስታማሚዎች ታላቅ እህታቸው እትዬ ቦቲን ዳግም እንዳያጧቸው ፈራን። ከዚያ እትዬ ቦቲ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እንኳንም ውሃው ውስጥ አልሆነ» አሉ። ቀጥለውም፣ «እታለም፣ ካሮቴን ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?»

«አንዴ» አሉ ታላቅ እህታቸው። «ጣፈጠኝ።»

እትዬ ቦቲ ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነ፤ ታላቅ እህታቸው ጀርባቸውን ደግፈው አቀኗቸው። ይቅርታ ተባባሉ ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ያን ቃል የሰማ የለም። ታላቅ እህታቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ክፍላቸው ለመተኛት አልተመለሱም። የተጠራቀመ ወሬ ስለነበረባቸው ቀን ከሌት አወሩ፤ የእናታቸውን ድስት ማን ሰበረው በሚለውም ሁለት ቀን ተጣሉ። ጠጉራቸውንም ታላቅ እህታቸው ያበጥሩላቸው ነበር።

እትዬ ቦቲ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ እጃቸው በእህታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። በዚያን ጊዜ ጣቶቻቸው አይንቀሳቀሱም ነበር። ጫማዋ በግራ እጃቸው ተይዛ አብራቸው ትሄዳለች፤ ለባለቤቷ ለቁንጫው ራሳቸው እንዲያደርሱ ታላቅ እህታቸው አደራ ብለዋቸዋል። በሕይወት ያሉ ዘመዶቻቸው ታላቅ እህታቸው፣ አንድ ወንድ ልጃቸው፣ የእህታቸው ልጅና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ዶሮዋም የዚያችው የመጀመሪያዋ ዶሮ ዝርያ እንደሆነች ይታመናል።

በመጨረሻ፣ ከሬሳ ሣጥኑ ጎን የቆሙት ታላቅ እህታቸው ከሐዘን ልብሳቸው በታች የተጫሙት ቦቲ ለምን እንደሆነ ግራ የገባችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። እንዲያወልቁት ለምነን አልተሳካልንም። በእህታቸው ሞት ማግሥት፣ ሹፌሩ ልጅ ከመንገድ እስኪደርስ ቀብሩ ሲጠበቅ፣ ኩሬው ውስጥ ገብተው፣ ቁንጫ የሚለውን ስም ጮክ ብለው እየጠሩ፣ እቅፍ አረም ነቅለው ወጥተዋል። አረሙ እስካሁን ኩሬው ዳር ተዘርግቷል፤ ነፍስ ያለው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ አልቋል። ከዚህ ስንመለስ ወደ ክምሩ መወሰድ አለበት። ባሬላው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የሚያግዝ ካለ ይምጣ ብለዋል።

ከውሃና ከጭቃ ያልወጡት የእትዬ ቦቲ እግሮች በደረቅ መሬት ይረፉ። የተቀበሉትን አደራ ሲያደርሱ የሚዘል ልጅ ይቀበላቸው። ነፍሳቸውን ይማርልን።